የጫማው ሚስት

በቀል የእግዜር ነው ይላሉ። ይሁን፤ ግን እግዜር ሥራ ይበዛበታል፣ እኔ ደግሞ ጊዜ አለኝ። ይህን የምጽፈው ለመታረቅ ወይም ለመናዘዝ የመሰለው አንባቢ ካለ ከአሁኑ ቁርጡን ይወቅ። አንድ ሰው እናቴን በወረቀት አዋርዷታል። እኔም በወረቀት ልመልስለት ተቀምጫለሁ።

ነገሩ ሲጀመር የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በአንዲት የኪራይ ቤት ውስጥ ሦስት ሆነን እንኖራለን፤ እናቴ፣ ልብስ ሰፊ የሆነችው ታናሽ እህቷ፣ እና እኔ። አባቴ «ለሥራ ሄዷል» ይባል ነበር። የሌሎች ልጆች አባቶች ለሥራ ሄደው ማታ እንደሚመለሱ አያለሁ፤ የኔ አባት ሥራ ትንሽ የሚረዝም ሥራ ነው ብዬ ተቀብዬዋለሁ። ሌላ ከተማ ሌላ ሚስት አግብቶ ሌላ ልጅ እያሳደገ እንደነበር የሰማሁት ከፍ ካልኩ በኋላ ነው።

እናቴ የማተሚያ ቤት አራሚ ነበረች። «እናትሽ ምን ትሠራለች?» ስባል ደረቴን ነፍቼ «አረም ትነቅላለች» እል ነበር። ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ ሰፊ ማሳ ያለ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን አክስቴ ሰማችኝና መቀሷን አስቀምጣ ሳቀች። «እናትሽ የምታርመው ፊደል ነው እንጂ ጎመን አይደለም» አለችኝ። እኔ ግን ማሳውን ጨርሼ አልተውኩትም። እናቴ ቀይ እስክሪብቶዋን ይዛ ወረቀት ላይ ስታጎነብስ፣ ያለቦታው የበቀለ ፊደል ከነሥሩ ስትነቅል ይታየኝ ነበር።

ሥራ ሲበዛባት ወረቀቱን ቤት ታመጣዋለች። እርማት ደግሞ ለብቻ አይሆንም። አንዱ ሰው ደራሲው በእጁ የጻፈውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፣ ሌላው የታተመውን በዓይኑ ይከተላል። አንባቢው ቃሉን ብቻ ሳይሆን ነጥቡንም ሰረዙንም መጥራት አለበት። ማንበብ የተማርኩት በዚህ ዓይነት ስለሆነ፣ ትምህርት ቤት እንኳ ተነስተሽ አንብቢ ስባል «ውሻው ሮጠ አራት ነጥብ» እያልኩ ክፍሉን አስቅ ነበር። እናቴም ስትቆጣኝ «አትወጪም ብያለሁ፣ አራት ነጥብ!» ትለኛለች። ከአራት ነጥብ በኋላ ክርክር የለም።

ቃል የወደድኩት እዚያ ጠረጴዛ ሥር ነው። የተጣሉ የእርማት ወረቀቶችን እሰበስብና በጀርባቸው የራሴን ታሪክ እጽፍባቸዋለሁ። የምትናገር ጃንጥላ፣ ደረጃ መውረድ የምትፈራ ድመት፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር። ሳድግ ምን እንደምሆን ለጠየቀኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነበር፤ ደራሲ። አክስቴ «በልተሽ ለመኖር ሌላም ነገር አስቢበት» ትለኛለች። እናቴ ግን እርሳስ ትቀርጽልኝ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ደራሲ ቤታችን ይመጣል። ፎቶው ከጋዜጣ፣ ድምፁ ከሬዲዮ አይጠፋም ነበር። የእጅ ጽሑፉ ግን የዶሮ ጭረት ስለሆነ፣ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ከእናቴ በቀር የሚያነብለት አልነበረም፤ እኔም ከሷ ተምሬ ለምጄው ነበር። እጀታ ያለው ብቸኛ ወንበራችን ላይ ይቀመጣል። እናቴ «እርስዎ» ትለዋለች፣ እሱ «አንቺ» ይላታል። እኔ «ጋሼ» እለዋለሁ። አክስቴ ምንም አትለውም፤ ገና በሩን ሲያልፍ የስፌት መኪናዋን ፍጥነት ትጨምራለች። ድርሰት የማይገባት ሴት ናት እል ነበር። ዛሬ ሳስበው ቤታችን ውስጥ ሰው የሚገባት እሷ ብቻ ነበረች።

«የኔ ደራሲ፣ ነይ እስቲ አጠገቤ» ይለኛል፣ እናቴ ሻይ ልታፈላ ስትወጣ። «ደራሲ የሚሆን ሰው ዓይኑ አይተኛም። በዚህ ሳምንት ምን አየሽ? ጃንጥላና ድመት አልፈልግም፤ እውነቱን ንገሪኝ።»

እኔም እነግረዋለሁ። የአክስቴ ደንበኛ ወፍራ መጥታ ልብሱን አጥብበሽ ሰፋሽብኝ ብላ እንደተጣላች፣ ጎረቤታችን ባሏ ሲያንኮራፋ ጆሮዋን በጥጥ እንደምትደፍን። ደራሲው ሲስቅ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ትምህርት ቤት የከፈተልኝ መስሎኝ ነበር። የከፈተው ግን ሱቅ ነው፤ እሱ ብቻ የሚገዛበት፣ ዋጋ የማይጠየቅበት ሱቅ።

አንድ ቅዳሜ የማጫውተው ጠፋኝና ስለ ጫማው ነገርኩት።

አባቴ ሲሄድ አንድ ጥንድ ጫማ ትቶ ነበር። እናቴ እሁድ እሁድ ቀለም ትቀባዋለች፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከደጃፋችን ደረጃ ላይ ታኖረዋለች። ቦታውን መቀያየር የኔ ሥራ ነው። አንዳንዴ አፍንጫውን ወደ ውጭ፣ አንዳንዴ ወደ ውስጥ፤ ባለቤቱ ወጣ ገባ እንደሚል። ጨዋታ ነበር የመሰለኝ። ወንድ የሌለበት ቤት በሩ እንደሚንኳኳ፣ ከሚያንኳኩትም አንዳንዶቹ ሞቅ ብሏቸው የሚመጡ እንደሆኑ ማን ይንገረኝ? ያ ጫማ የቤታችን ቁልፍ ነበር።

«ሰው ሲመጣ ጫማውን ያይና አባዬ አለ ይላል» አልኩት ለደራሲው። «ግን የለም! እኔ ነኝ የማዞረው።»

«ቀለሙን ማን ይቀባዋል?»

«እማዬ። እያወራችው።»

«ጫማውን?» አለና ወንበሩ ላይ ተስተካከለ። «ምን ትለዋለች?»

«‹ዛሬም ጭቃ ረገጥክ› ትለዋለች። ከዚያ ትስቃለች።»

የሲጋራውን ባኮ ከኪሱ አውጥቶ ቀደደውና በውስጥ በኩል ያን የዶሮ ጭረቱን ጫረበት። «ድገሚልኝ» አለኝ። ደገምኩለት። ጭንቅላቴን ዳበሰና «ይሄ ነው ድርሰት! ተባረኪ» አለኝ። በዚያን ቀን ደስታዬ እራት አላስበላኝም። አንድም አዋቂ ያን ያህል ሰምቶኝ አያውቅም ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ ለሚሰማት ሰው ብታወራ ምን ጥፋት አለባት? ምንም። ጥፋቱ የሰሚው ነው፣ እዚህ ላይ አልደራደርም።

ዝናቡ መጥቶ ሄደ። ከዚያ እናቴ የደራሲውን አዲስ መጽሐፍ ለእርማት ይዛ መጣች። ርእሱ «የጀግና ልብ» ይላል። እሁድ ከምሳ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥን፤ እኔ የእጅ ጽሑፉን ይዤ፣ እሷ ከፊት ለፊቴ የታተመውን ዘርግታ። አክስቴ ጥግ ላይ የሰው ኮት ገልብጣ ትሰፋለች። ምዕራፍ ጨረስን፣ ሌላ ጀመርን። እኔም በዚያ በለመድኩት ዜማ እያነበብኩ ነው።

«ሴትዮዋ ነጠላ ሰረዝ ባሏ ከከዳት ወዲህ ነጠላ ሰረዝ ጫማውን አግብታ ትኖር ነበር አራት ነጥብ እሁድ እሁድ ቀለም ትቀባዋለች ነጠላ ሰረዝ ትስመዋለች አራት ነጥብ ትምህርተ ጥቅስ ዛሬም ጭቃ ረገጥክ ቃል አጋኖ ትምህርተ ጥቅስ…»

ከወንበሬ ዘለልኩ። «እማዬ፣ የኔ ነው! ይሄ የኔ ነው! ለጋሼ የነገርኩት እኔ ነኝ!»

የስፌት መኪናው ቆመ። የእናቴም እስክሪብቶ ቆመ። ፊቷን ቀና አላደረገችም።

«ቀጥይ» አለችኝ።

ቀጠልኩ። ሴትዮዋ ለጫማው ማዕድ ታቀርብለታለች ይላል። ጫማው አኩርፎ አልበላም ሲላት ታለቅሳለች ይላል። ሲመሽ አቅፋው ትተኛለች፣ ጠዋት ፊቷ ላይ ቀለሙ ታትሞ ትነሳለች ይላል። ይህን እኔ አልነገርኩትም፤ የራሱ ጭማሪ ነው። በሳቅ ፈረስኩ፤ ነጥቦቹን መጥራት ሁሉ አቃተኝ።

«ያንን መስመር ድገሚው» አለችኝ እናቴ።

ወድዳው መሰለኝ። እየሳቅኩ ደገምኩላት። ከዚያ አንዲት ፊደል ላይ ቀይ ክብ አደረገችና «ቀጥይ» አለች። ልጇ ገና በስምንት ዓመቷ መጽሐፍ ውስጥ መግባቷ አኩርቷት ድምፅ ያጣች መስሎኝ ነበር። አሁን የማውቀው ሌላ ነው። ጆሮዋን አላመነችም ነበር፤ አንድ ጊዜ በኔ አፍ፣ አንድ ጊዜ በኔ ሳቅ ሰምታ ነው ያመነችው። እንዲያም ሆኖ የተሳሳተችውን ፊደል አላሳለፈቻትም።

ምዕራፉ ሲያልቅ ሁለቱ ወደ ወጥ ቤት ገቡ። እኔ መጋረጃው ሥር ቆሜ ሰማሁ።

«ለማተሚያ ቤቱ ኃላፊ ሄደሽ ንገሪ!» ትላለች አክስቴ።

«ምን ብዬ? ያቺ ሴትዮ እኔ ነኝ ብዬ?»

«እንግዲያው በቀልሽን ተወጪ! መሣሪያው እጅሽ ላይ አይደለም እንዴ? አንዲት ‹ስ› ናት የምትበቃሽ። ሽፋኑ ላይ ‹የጀግና ልብ› የሚለውን ‹የጀግና ልብስ› አድርጊለት። ለኔም ማስታወቂያ ይሆነኛል።»

እናቴ ሳቀች። ሳቋ ረዘመ፣ ረዝሞ ረዝሞ ሌላ ነገር ሆነ። እኔ ገና እየሳቀች ነው እያልኩ ነበር።

«ስህተት በኔ እጅ አያልፍም» አለች በመጨረሻ።

«እሱ እኮ ባንቺ ላይ አለፈ!»

እኔ በበኩሌ «በቀልሽን ተወጪ» የሚለውን ይዤ ወጣሁ። በቀል ማለት የበቀለ ነገር መሆኑ ግልጽ ነው። እናቴ ደግሞ አራሚ ናት፤ የበቀለ ነገር ማውጣት ምኑ ይከብዳታል? በማግስቱ ጠዋት በመስኮታችን ያለውን የአበባ ጣሳ በጣቴ ቆፍሬ ፈተሽኩት። ምንም አልነበረበትም። የት እንደበቀለ የገባኝ በኔው ውስጥ ካደገ በኋላ ነው።

ቅዳሜ ደራሲው እርማቱን ሊወስድ መጣ። እናቴ ወረቀቱን ፊቱ ዘረጋችለት።

«እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ» አለችው። «ከላይ ጫማው ጥቁር ነው ብለዋል። ወረድ ብሎ ቡኒ ይላል። የቱ ይሁን?»

ደራሲው ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየ። «ምን ለውጥ ያመጣል ብለሽ ነው?»

«አንባቢ ይይዝዎታል።»

«በቃ ጥቁር ይሁን።»

«ቡኒ ነው» አለች እናቴ። ድምፅዋ የማተሚያ ቤት ድምፅዋ ነበር። «የግራው ተረከዝ በውጭ በኩል ተበልቷል። መጨመር ከፈለጉ።»

ጫማው እዚያው ደጃፉ ላይ ነበር፤ ሲገባ ተራምዶት ነው ያለፈው። ደራሲው ተነሳ። ሻዩን ሳይጠጣ፣ «የኔ ደራሲ» ሳይለኝ ወረቀቱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወጣ። እኔ በሱ አኩርፌ፣ በእናቴ ደግሞ ኮርቼ ዋልኩ። ሁለት የሥራ ሰዎች ስለ መጽሐፍ ሲመካከሩ ያየሁ መስሎኝ ነበር። እናቴ ስለዚያ ነገር ከሱ ጋር የተነጋገረችው ያቺን ብቻ ነው።

መጽሐፉ ወጣ። አንድም የፊደል ስህተት የለበትም፤ እስከ ዛሬ አንዳንዴ እከፍተዋለሁ፣ ፈልጌ አጥቻለሁ። የግራው ተረከዝም ተበልቶ ገብቶበታል። አያፍርም! ሴትዮዋ ነግራው፣ ዓይኑን እያየች ነግራው፣ ወስዶ ጨመረው።

አንባቢው ያቺን ምዕራፍ ከሁሉ ወደዳት። ሬዲዮ ላይ ተነበበች። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ማን እንደሆነች ለማወቅ ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም። አንድ ጠዋት የእናቴ ጠረጴዛ ላይ አሮጌ የወንድ ጫማ ተቀምጦ ጠበቃት። «የጫማው ሚስት» የሚለው ስም ከማተሚያ ቤት ተነስቶ ሰፈራችን ገባ። ልጆች ከኋላዋ ይጠሯታል። እኔ ስም የወጣላት ታዋቂ ስለሆነች መስሎኝ አብሬ ልጠራት ምን ቀረኝ! ከዚያ በሩ መንኳኳት ጀመረ። ጫማው ከደረጃው ላይ ነው፣ አፍንጫው ወደ ውስጥ ዞሯል፣ ግን ከእንግዲህ ማን ይፈራዋል? ሰዎቹ ከውጭ እየሳቁ «ባልሽ ተኝቷል ወይ?» ይሉ ነበር። አክስቴ መቀሷን ይዛ በሩ ጋ ትቆማለች። ቤት ለቀቅን። እናቴ ማተሚያ ቤቱንም ለቀቀች፤ የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ገባች፣ የሰው ስም በፊደል ተራ ስትደረድር የሥራ ዕድሜዋን ጨረሰች።

አዲሱ ቤት በገባን ሳምንት የወረቀት ጀርባ ላይ ስጽፍ አየችኝ። ወረቀቱን ሰብስባ ወሰደች። «ቤቴ ውስጥ የሚጽፍ ሰው አልፈልግም» አለችኝ። አራት ነጥብ እንኳ አላለችም። ቀንታብኛለች ብዬ ለስንት ዓመት ቂም ያዝኩባት፤ እሷ አራሚ እኔ ደራሲ ልሆን ነው ብላ ነው እያልኩ። ከልክላኝስ መች ተውኩ? በጭንቅላቴ እጽፍ ነበር። አውቶቡስ ስጠብቅ አንድ ምዕራፍ፣ ልብስ ሳጥብ አንድ ምዕራፍ። ትልቅ ሆኜ ለመድኃኒት አስመጪ ድርጅት ማብራሪያ ወረቀት እየተረጎምኩ፣ «ከምግብ በኋላ ይወሰዳል» እና «ህፃናት በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ» በሚሉት መካከል የራሴን ሰዎች ሳናግር ኖርኩ። ፍቅሩ አልለቀቀኝም። ቂሙም አልለቀቀኝም። ሁለቱን መለየት ያቃተኝ ጊዜ ነበር።

አምና መጽሐፌን ጨረስኩ። እናቴ ፊት አኖርኩላትና ቆሜ ጠበቅኩ። ጫማው አለበት፣ በሩ አለበት፣ አክስቴ ከነመቀሷ አለችበት፣ ነፍሷን ይማር። እናቴ መነጽሯን አጠለቀች። ከሳምንት በኋላ መለሰችልኝ፤ ገጹ ሁሉ በቀይ ተዥጎርጉሮ። መጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ «ይታተም» ብላ ፈርማበታለች። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሊታተም ሲቃረብ ወሬው ለሱም ደረሰ። የሽፋኑን ሥዕል ለማየት አሳታሚው ቢሮ ሄጄ ሳለ፣ ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ በሩን ገፍቶ ገባ። ልብሱ ሰፍቶታል።

«አስታወስሽኝ?»

«እንዴት ልርሳዎት፣ ጋሼ!»

«አላልኩሽም ነበር? ደራሲ ትሆኛለሽ አላልኩሽም?» አለና ሳይጋበዝ ተቀመጠ። «ጫማው አለበት አሉኝ።»

«አለበት።»

«እሱ እኮ የኔ ነው። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። መክሰስ እችላለሁ።»

«ይክሰሱ። እናቴ በሕይወት አለች፤ ምስክር ትሁንልን።»

ይህን ሲሰማ ምርኩዙን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። መጽሐፎቹን የሚያሳትምለት እንደጠፋ፣ የልጅ ልጆቹ እንኳ አንብበውት እንደማያውቁ ነገረኝ። አላዘንኩለትም። ላዝንለት ሞክሬ ነበር፤ እምቢ አለኝ።

«ማን ብለሽ ጻፍሽኝ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሰውዬው።»

«ሰውዬው ብቻ?»

«ብቻ።»

«ስደቢኝ ልጄ። ሌባ በይኝ፣ ጨካኝ በይኝ፣ የፈለግሽውን። ግን በስሜ ይሁን። ማን እንደነበርኩ ሰው ይወቅልኝ።»

ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ነገሩ ከገባኝ ጀምሮ ሳልመው የኖርኩትን ከዚህ በተሻለ አልሜው አላውቅም ነበር።

«እናቴንም እኮ በስሟ አልጠሯትም» አልኩት።

ከወንበሩ ለመነሳት ብዙ ታገለ። እጄን አልዘረጋሁለትም።

ቤት ስደርስ እናቴ የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ደራሲው መጥቶ እንደነበር ነገርኳት። እጇ አልቆመም።

«ምን ፈልጎ?»

«ስሜ መጽሐፉ ውስጥ ይግባልኝ ብሎ።»

አንሶላውን አጠፈች፣ ደግማ አጠፈች፣ በመዳፏ ዳመጠችው። የዛሬ ስንት ዓመት የትኛው መጽሐፍ የትኛው ገጽ ላይ የትኛው ፊደል ተገልብጦ እንደነበር እስከ ዛሬ የምትናገር ሴት ናት።

«ማን ነበር ስሙ?» አለችኝ።

ትቀልድ እንደሆነ ፊቷን አየሁት። አትቀልድም።

«እኔም ጠፋብኝ» አልኳት።

«እንግዲያው ይቅር» አለች እናቴ። ይቅር ያለችው ስሙን ነው፤ እሱን አይደለም።